ሃይላንድ የተንጠለጠለበት አፕል

ሽሮ ሜዳ ያለው ግቢያችን ጠባብ ነው። ከኩሽናው ኋላ ቀድሞ ጌሾ የነበረባት ጥግ አለች። በ2011 ሐምሌ ሁለት የተዳቀሉ፣ ማለትም በሌላ አፕል ሥር ላይ የተቀጠሉ፣ የአፕል ችግኞች ተከልኩባት፤ አንዷ አና፣ ሌላው ዶርሴት ጎልደን። ሁለቱም ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ዝርያዎች ስለሆኑ ለእኛ ደጋ ይስማማሉ። ሁለት ያደረግኳቸው አና ብቻዋን ጥሩ ፍሬ ስለማትይዝ ነው። የሌላ ዝርያ አበባ ብናኝ ትፈልጋለች፤ ዶርሴት ጎልደን ከእሷ ጋር በአንድ ሰሞን ስለሚያብብ ንብ ከእሱ ወስዳ ታደርስላታለች።

ስተክል የችግኞቹን ጫፍ እንድቆርጥ ተነግሮኝ ነበር። አልቆረጥኩም። ለግላጋ፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ችግኝ ላይ መቀስ ማንሳት አሳዘነኝ። በሁለተኛው ዓመት አና መንታ ሆነች፤ እኩል የወፈሩ ሁለት ግንዶች ጎን ለጎን ተጣብቀው ሽቅብ ወጡ። እኔም ጠንካራ ዛፍ ወጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

በ2013 ሚያዝያ አንድ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከነፋስ ጋር መጣ። ሲያባራ ወጥቼ ሳይ አና ከመንታው መሐል ወደ ታች ስንዝር ያህል ተሰንጥቃለች።

ጎረቤታችን ሸማኔ ናቸው፣ የዶርዜ ሰው። ጨንቻ ያሉ ዘመዶቻቸው አፕል ያለማሉ። ጠርቻቸው መጡና ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ ከትተው፣ «ና እየው፣ ይሄ እኮ ድሮም አልተያያዘም» አሉኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። በሁለቱ ግንዶች መሐል የነበረው እንጨት ሳይሆን ወደ ውስጥ የታጠፈ ቡናማ ቅርፊት ነው። ብብቱ፣ ማለትም ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን፣ የጠበበ ቅርንጫፍ እንዲህ ነው፤ ሁለቱ ሲወፍሩ መሐላቸው ያለው ቅርፊት ይታፈናል፣ እንጨት ከእንጨት ሳይገናኝ ይቀራል። ከውጭ ሲታይ ግን ምንም አይመስልም።

«ጋሼ፣ ብናስረውስ?» አልኳቸው።

«ታስረዋለህ፣ ፍሬ ሲይዝ ደግሞ ይከፈታል። ከስንጥቁ በታች ቁረጠው።»

በዝናብ ወቅት ቁስል መክፈት ጥሩ አይደለም፤ ሻጋታ ይገባበታል። የተሰነጠቀ ዛፍ ግን እስከ በጋ አያቆይም። መጋዙን በአልኮል ጠርጌ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ቆረጥኳት። እናቴ ከኩሽናው በር ላይ ሆና፣ «ኧረ ልጄ፣ ምን በደለችህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የቀረው ጉቶ ነው፤ የሁለት ዓመት ልፋቴ አጥሩ ሥር ተጋድሟል።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ከግንዱ ሰባት ቡቃያ ፈነዳ። አንዱ ከተዳቀለበት እብጠት በታች ስለነበር ገና ለጋ ሳለ በእጄ ነቀልኩት። ከዚያ በታች የሚወጣው የሥሩ ዝርያ ነው፤ ከተተወ የላይኛውን ቀምቶ ያድጋል። ከቀሩት ስድስት አራት አስቀረሁ፦ አንዱ ቀጥ ብሎ ግንድ እንዲሆን፣ ሦስቱ ወደ ሦስት አቅጣጫ የዞሩ፣ በመካከላቸውም ከጋት የሚበልጥ ርቀት ያለ። ሦስቱም ከአንድ ቦታ ቢወጡ ያው የመንታው ጣጣ ይመጣል።

ከዚያ ያለው ሥራ መቀስ አይፈልግም፣ ክብደት እንጂ። ለእኔ ትልቁ ትምህርት እሱ ነው። ሽቅብ የቆመ ቅርንጫፍ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ጫፉ ይወስዳል፤ ጫፉ ደግሞ ከሥሩ ያሉትን እምቡጦች ያስተኛል። ጋደም ሲል ግን በየአንጓው ያሉት ይነቃሉ፣ ቶሎም ያብባል፤ ብብቱም ይሰፋል። ነሐሴ ላይ ቡቃያዎቹ እርሳስ ያህል ሲወፍሩ ባዶ ሃይላንድ በሲባጎ አንጠለጠልኩባቸው። ጫፉ ላይ ከተንጠለጠለ ቅርንጫፉ እንደ ደጋን ይጎብጣል፤ ከሥሩ ሲሶው ላይ ሲሆን ግን ከመነሻው ይከፈታል። ውሃውን በስኒ እየጨመርኩ፣ ከግንዱ 60 ዲግሪ ያህል እስኪርቅ ቀስ እያልኩ አወረድኩት።

 አንድ ማታ ግን ቸኩዬ አንዱን ሃይላንድ እስከ አፉ ሞላሁት። ጠዋት ስነሳ አንደኛው ቅርንጫፍ ከአግድም በታች ወርዷል። ቀና ባደርገውም ልማዱን ያዘ፤ በጀርባው ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ ቀንበጦች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰለፉበት፣ ዓመቱን ሙሉ ስነቅል ከረምኩ። ሌላኛው ላይ ሲባጎው ቅርፊቱን በልቶ ቀለበት መሰለ። አሁን የምጠቀመው የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ነው፣ ሰፋ አድርጌ አስራለሁ፤ ውሃውንም በስኒ ብቻ እጨምራለሁ። ኅዳር ላይ ስፈታቸው በያዙት ቦታ ቀሩ።

እኛ ዘንድ ቅጠል የሚያረግፍ ብርድ ስለሌለ አፕል ሳይተኛ ይከርማል፤ አበባውም ይዘበራረቃል። ጋሼ እንደ አገራቸው ገበሬ ቅጠሉን በእጅ ማራገፍ አሳዩኝ። ቅጠሉ ከሥሩ ያለችውን እምቡጥ ይዞ እንዳይወርድ ግን መጠንቀቅ አለብህ።

ዋናውን ግርዘት ጥር ላይ አደርጋለሁ፤ ቁስሉ ከዝናቡ በፊት ይደርቃል። ወደ ውስጥ የሚያድገውን፣ የሚፋተገውንና የደረቀውን አወጣለሁ። ቅርንጫፍ ሳሳጥር ወደ ውጭ ከምታይ እምቡጥ በላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ትቼ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ እቆርጣለሁ። ሙሉ ቅርንጫፍ ሳወጣ ደግሞ መነሻው ላይ ያለችውን ወፈር ያለች አንገት አልነካም፤ ቁስሉን የምትሸፍነው እሷ ናት።

በ2015 አና ፍሬ ያዘች። ከየዘለላው አንድ አንድ ብቻ ትቼ ሌላውን ገና ትንሽ ሳለ አወረድኩት፤ 11 ደረሱልን። የመጀመሪያውን ለጋሼ ወሰድኩላቸው። እናቴ ዘንድሮ ባዶ ሃይላንድ ለቆራሊዮ መስጠት አቁማለች። ኩሽናው ጥግ አጥባ ደርድራቸዋለች፤ ዶርሴት ጎልደንም እስካሁን ጫፉ አልተነካምና ጥር ሲመጣ ተራው ነው።