አታሟርቺ ያለችኝ እናቴ ስንቅ ቋጠረች

እናቴ ስለ ክፉ ቀን ማውራት አትወድም። «አታሟርቺ» ካለች ወሬው እዚያው ያልቃል። እኔም እስከ ጥቅምት 2014 ድረስ እንደሷ ነበርኩ።

ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከቤት የወጣነው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው፤ እናቴ፣ የስምንት ዓመት ልጄና እኔ። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት እያልን ደብረ ብርሃን ገባን። ምን ይዤ እንደወጣሁ ያወቅኩት እዚያ ቦርሳዬን ስከፍት ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት፣ አንድ እግር የልጄ ካልሲ፣ የሱቄ ቁልፍ። የእናቴ የደም ግፊት ኪኒን ደሴ መስኮቱ ላይ ቀርቷል።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ «የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? ስንት ሚሊግራም?» አለችኝ። «ነጭ ናት፣ ትንሽ» አልኩ። መሳቢያዋን ከፍታ ሦስት ዓይነት ኪኒን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ሦስቱም ነጭ፣ ሦስቱም ትንሽ። መንገድ ላይ ያልመጣው እንባ እዚያ መጣ። «አብሽሪ፣ ለክተን እንጀምርላታለን» አለችኝ። አብሽሪ ስትል የወሎ ልጅ መሆኗን አወቅኩ። ከመሄዴ በፊት አስቀምጣ ትንፋሼን በረጅሙ እንዳስወጣ አደረገችኝ፤ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብዬ።

ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። ልጄ በር ጓ ሲል ትደነግጣለች። እኔ ሌሊት እየተነሳሁ መቀርቀሪያውን አያለሁ። ዝም ስንል የሚረሳ መስሎን ማናችንም አናነሳውም ነበር።

የመጀመሪያውን ቦርሳ ያዘጋጀሁት ብቻዬን ነው። ላዩ ላይ «ለአደጋ» ብዬ ጻፍኩበት። በማግስቱ ማድ ቤት ጥግ ተጥሎ አገኘሁት። «ይሄ ቤቴ ውስጥ አያድርም» አለች እናቴ። ተናደድኩ። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር፤ ፍርሃቷን ሳልሰማ ዕቃ መቁጠር ጀመርኩ።

አንድ ቀን ቡና ላይ «እማ፣ የ77ቱን ድርቅ እንዴት አለፋችሁት?» አልኳት። ከአቦል እስከ በረካ ነገረችኝ። አባቷ በሶ ሳይቋጥር መንገድ ወጥቶ አያውቅም። ልጆቹ ከተለያዩ ማን ቤት እንደሚገናኙ ቀድሞ ይነግራቸው ነበር። «ታዲያ እኛም ስንቅ እንቋጥር» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። በማግስቱ ገብስ ስትቆላ ደረስኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለ። በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ የእናቴ ድርሻ ሆነ፤ እሳት ባይኖርም ይበላሉ። የመጀመሪያው በሶ ላስቲክ ውስጥ ሻግቶ ተደፋ። አሁን ክዳን ባለው ጣሳ ነው፤ በየሦስት ወሩ እንበላውና አዲስ እንተካለን። ኪኒኗም የሁለት ሳምንት ትርፍ አለው፤ አዲስ ሲገዛ አሮጌው ቀድሞ ይዋጣል። ካርቶኑን ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ስሙና መጠኑ ወረቀት ላይም አለ። የቤቱን ካርታ፣ መታወቂያችንንና የልጄን የልደት ምስክር ወረቀት አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ በቴሌግራም ላኩለት። ከተለያየን ሁላችንም የምንደውለው ለእሱ ነው፤ መደወል እምቢ ካለ አጭር መልዕክት። ያኔ ባንኩም ኔትወርኩም ተቋርጦ ስላየን ዝርዝር ብር ለብቻው አስቀምጠናል። ሃምሳና መቶ ብቻ፤ በጭንቅ ቀን መልስ የሚሰጥ የለም። ስልክ ቁጥሮቹ በወረቀት ሆነው የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ከሁሉም በላይ ነው። ከጀርባው ለተቅማጥ የሚሆነው ውህድ ተጽፏል፤ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ያልተቆለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

ለልጄ ባትሪውን ሰጠኋት። መብራት በጠፋ ቁጥር የምትመራን እሷ ናት። ፍርሃቷ ወዲያው አልለቀቃትም፤ እጇ ሥራ ሲይዝ ግን ድምፅዋ ይረጋጋል። እኔ የነርሷን ትንፋሽ ይዣለሁ። ሪሞቱን ያነሳሁት ትንፋሼ በተቆረጠበት ደቂቃ እንደሆነ አልረሳም።

ነገሩን ቅሬያችን፣ የሰፈር ዕድራችን ላይም አነሳሁት። ድንኳኑና ድስቱ ለለቅሶ ተዘጋጅቶ የለ? ከኛ ቀጥሎ ያሉትን አዛውንት፣ አንድ ነገር ቢመጣ ማን ያወጣቸዋል? እኔ ተባልኩ።

ነሐሴ 2015 ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። ቤታችን ጦሳ ተራራ ሥር ቁልቁለት ላይ ነው። አፈር ሊናድ ሲል ምልክት አለው፤ መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘመመ አጥር፣ ድንገት የደፈረሰ ምንጭ፣ አልዘጋ ያለ በር። ከሰዓት በኋላ የጓዳው በር ወለሉን እየፋቀ አስቸገረኝ። እርጥበት ያበጠው እንጨት ነው ብዬ ተውኩት። ማታ ስሞክረው ጭራሽ አልነቃነቅ አለ። ከግድግዳው ሥር ጣቴን የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር።

ሦስት ጊዜ ተነፈስኩ። «እማ፣ ስንቁን» አልኩ። ለምን አላለችም። ልጄ ባትሪዋን አበራች። አዛውንቱን በእጃቸው ይዤ፣ ቁልቁል ሳንወርድ ወደ ጎን ተሻግረን የቅሬው ሰብሳቢ ቤት ገባን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የጓዳው ግድግዳ ከነአፈሩ ወደ ውስጥ ተናደ። የእናቴ አልጋ ከዚያ ግድግዳ ሥር ነበር።

እናቴ እስኪነጋ ስንቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሲነጋጋ በሶ በጥብጣ መጀመሪያ ለአዛውንቱ፣ ቀጥላ ለልጄ ሰጠች። ከዚያ ኪኒኗን ዋጠችና ካርቶኑን ወደኔ ዘረጋች።

«ስሟን ደጋግመሽ አንብቢልኝ» አለችኝ። «በቃሌ ልያዛት።»