ለምን አልሰማችውም?

የምሠራው ፒያሳ አካባቢ ባለ አነስተኛ አሳታሚ ድርጅት ነው። ሥራዬ አርትዖት ነው። አምና አንዲት ወጣት ደራሲ የልቦለድ ረቂቅ ይዛ መጣች። ታሪኩ ልዩ ችሎታ ስላላቸው አራት የአዲስ አበባ ታዳጊዎች ነው። አንዷ ከሩቅ ትሰማለች። ለአንዱ ብረት ይታዘዝለታል። መንትዮቹ ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። ጠላታቸው የሰው ድምፅ የሚሰርቅ ሰው ነው።

ረቂቁን ወደድኩት። ተረት ላለፈው፣ የአዋቂ ልቦለድ ግን ገና ላልሆነለት ልጅ የሚሰጥ መጽሐፍ ስፈልግ ስንት ጊዜ ተቸግሬያለሁ!

ሥራ አስኪያጃችን ግን "ምክር ይግባበት" አሉ። የሚገዛው ወላጅ ነው፣ ወላጅ ደግሞ ትምህርት ይፈልጋል ባይ ናቸው። እኔ አልተስማማሁም። በመጨረሻ አንባቢዎቹ ይፍረዱ ተባባልን። የሠፈር ተማሪዎች ረቂቁን ወስደው አነበቡት። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ ተሰበሰብን፤ ሻይና ቦንቦሊኖ ቀረበ።

ምክር የሚባል ነገር ያነሳ ልጅ የለም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ?" አለቻት ደራሲዋን። "ልጅቷ ከሩቅ የምትሰማ ከሆነ፣ ሰውየው ወንድሟን ሊያግት ሲመጣ ለምን አልሰማችውም? እኔ ብሆን ገና ከእንጦጦ ሲወርድ እሰማው ነበር።"

ቢሮው በአንዴ ተንጫጫ። ብረት የሚታዘዝለት ልጅስ የብረት በር ተቆልፎበት ለምን ያለቅሳል? ደራሲዋ አልተከራከረችም። ደብተሯን አውጥታ ትጽፍ ጀመር። እዚህ ላይ በጣም አከበርኳት።

ሁሉን የሚችል ጀግና አያሰጋም፤ የማያሰጋ ታሪክ ደግሞ አይነበብም። የእኛ ሰው ይህን ድሮም ያውቃል። ዛር እንኳ ግብሩን ይጠይቃል። ስለዚህ ልጆቹን "ከሩቅ መስማት ምን ያስከፍላታል?" አልኳቸው። መልሱ በመስኮት ይገባ ነበር። ረዳቱ "አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" ይላል፣ ጥሩንባው አያባራም፣ ከታች ግንባታ አለ። አንዱ ልጅ "ፒያሳ ላይማ ታብዳለች" አለ። በቃ፣ ተገኘ።

ደራሲዋ ምዕራፉን እንደ አዲስ ጻፈችው። ልጅቷ መርጣ መስማት አትችልም፤ ሁሉም ድምፅ እኩል ይመጣባታል። ድምፅ ሰራቂው ይህን ስለሚያውቅ የካቲት 23ን መረጠ። በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል የተገኘው በጊዮርጊስ ቀን ነውና፣ ያን ዕለት ምኒልክ አደባባይ ፉከራው፣ ሽለላው፣ እምቢልታው አንድ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ሞልቷል። ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ከአደባባዩ ሥር ወደተሠራው የባቡር ጣቢያ ትሮጣለች። ጫጫታው ከላይ ሲቀር፣ ወንድሟ ሲጠራት ትሰማለች። ግን ለመድረስ ተመልሳ በዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል ማለፍ አለባት። ሳነበው እጄ ላይ ያለው ሻይ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲመጣልኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ችሎታው ምን ያስከፍላል የሚል ነው። ረቂቁንም ከማንም በፊት ለዘጠነኛ ክፍሎች እሰጣለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን አዲሱን ምዕራፍ ቆመው አነበቡት። ስለ ምክር አላነሱም። "ወንድሟ ተረፈ?" አሉኝ። ያቺ ተማሪ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ልካለች፦ መንትዮቹ ተጣልተው አንዱ ሌላውን መስማት ባይፈልግስ? ደራሲዋ አሁን እሱ ላይ ነች።