አልጌን በቡራዩ ማስራብ፦ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲጎድል የሚታየው

አልጌ ምግብ ሲያጣ ወዲያው አይሞትም። መጀመሪያ መከፋፈሉን ያቆማል፤ ከዚያ በውስጡ ያለውን እያፈረሰ ይጠቀማል። ብርሃን እስካለ ድረስ ግን ካርቦን ማስገባቱን ስለማይተው በስታርችና በዘይት እየተሞላ ይሄዳል። ይህን ሂደት ለመከታተል ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ከባዱ ሥራ ረሃቡ እኛ የፈለግነው ረሃብ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ቡራዩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ደግሞ መጽሐፍ ላይ ያለው አሠራር ሁሉ እንዳለ አይሠራም።

የተጠቀምኩት ሴኔዴስመስ የተባለውን አረንጓዴ አልጌ ነው። ከገፈርሳ የውሃ ግድብ ዳርቻ ከተቀዳ ውሃ 1.5 ከመቶ አጋር (እንደ ጄሊ የሚረጋ ማሳደጊያ) ላይ በሽቦ እየጫርኩ ለየሁት። ክሎሬላ ከሚባለው ሌላ አልጌ ያስመረጠኝ ሌሊቱን ተቀምጦ ራሱ መዝቀጡ ነው፤ ጠንካራ ሴንትሪፉጅ የሌለው ሰው እንኳ ሊያጥበው ይችላል። አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ አራት፣ ሁለት ወይም ነጠላ ሆኖ ስለሚገኝና ምግብ ሲያጥር ይህ ድርሻ ስለሚለዋወጥ፣ መቆጠር ያለበት ቡድኑ ሳይሆን እያንዳንዱ ህዋስ ነው።

ማሳደጊያው ቢጂ-11 የሚባለው የአልጌ ምግብ ድብልቅ ነው። በአንድ ሊትር ሶዲየም ናይትሬት 1.5 ግራም፣ ዳይፖታሲየም ፎስፌት 40 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዥየም ሰልፌት 75፣ ካልሲየም ክሎራይድ 36፣ ሶዲየም ካርቦኔት 20፣ ሲትሪክ አሲድ 6፣ ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት 6፣ ኢዲቲኤ 1 ሚሊ ግራም፣ በመጨረሻም ከጥቃቅን ማዕድናቱ ድብልቅ 1 ሚሊ ሊትር ይገባል። ናይትሮጅን የሌለበትን ለማዘጋጀት ናይትሬቱን መተው ብቻ አይበቃም። አብሮት የነበረው ሶዲየም ስለሚጎድል በምትኩ 1.03 ግራም የገበታ ሳይሆን የላቦራቶሪ ጨው እጨምራለሁ። ሁለት የተደበቁ ምንጮችም አሉ። አንዱ የብረቱ ጨው ራሱ አሞኒየም መያዙ ነው፤ በፌሪክ ሲትሬት ይተካል። ሌላው በጥቃቅን ማዕድናቱ ውስጥ ያለው ኮባልት ናይትሬት ነው፤ በኮባልት ክሎራይድ ይተካል። ፎስፈረስ በሌለበት ደግሞ የጎደለውን ፖታሲየም 34 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ይተካዋል። ገበሬው የሚጠቀምበት ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝን ባንድ ላይ ስለያዘ አልጌ ለማራባት እንጂ ለማስራብ አይሆንም።

ቢጂ-11 ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የባሕር ተመራማሪው አልፍሬድ ሬድፊልድ ከባሕር ጥናት ተነስቶ ያሳየው ምጣኔ ለአንድ ፎስፈረስ 16 ናይትሮጅን ነው። በቢጂ-11 ውስጥ ግን ለአንድ ፎስፈረስ 77 ያህል ናይትሮጅን አለ። ስለዚህ ያረጀ ባህል (በፍላስክ ውስጥ የሚያድገው አልጌ) ቢጫ ሆነ ማለት ናይትሮጅን አለቀበት ማለት አይደለም፤ ቀድሞ የሚያልቀው ፎስፈረሱ ወይም ካርቦኑ ነው። አልጌው ናይትሮጅኑን ራሱ በልቶ እንዲጨርስ ከተፈለገ ናይትሬቱን ወደ 150 ሚሊ ግራም ማውረድ ይሻላል።

ውሃው የተጣራ መሆን አለበት። ከማደያ የሚገዛውን የባትሪ ውሃ የምጠቀመው በኮንዳክቲቪቲ መለኪያ ከ5 ማይክሮሲመንስ በታች ሲያሳይ ብቻ ነው። ብርጭቆው በልብስ ሳሙና ዱቄት አይታጠብም፤ አንዳንዱ ሳሙና ፎስፌት አለው፣ ፎስፌት ደግሞ ብርጭቆ ላይ ይጣበቃል። 10 ከመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ አሳድሬ በተጣራ ውሃ ደጋግሜ አለቀልቀዋለሁ።

ማምከኑ ላይ ከፍታው ይመጣል። እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃም 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የአውቶክሌቭ ወይም የፕሬሸር ኩከር መለኪያ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ 15 ፒኤስአይ ሲል ውስጡ 121 ሳይሆን ወደ 117 ዲግሪ ነው። 121 ለመድረስ 19 ፒኤስአይ ገደማ ያስፈልጋል። ዕቃው ያን የማይችል ከሆነ በጭራሽ አያስገድዱት፤ አየሩን በደንብ ካስወጡ በኋላ በ15 ፒኤስአይ ጊዜውን ከ20 ወደ 40 ደቂቃ ማርዘም ይቻላል። ፎስፌቱን ከካልሲየሙና ከብረቱ ጋር አንድ ላይ ካፈሉት ነጭ ዝቃጭ ይወጣና የታሰበው መጠን ለአልጌው አይደርስም። ለብቻው አምክኜ ሲበርድ እቀላቅለዋለሁ።

ለሙከራው የሚወሰደው በፍጥነት እያደገ ያለ ባህል ነው፤ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያግድ በሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር በ750 ናኖሜትር ንባቡ 0.4 ገደማ የሆነ። ተራ የተማሪ ሴንትሪፉጅ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር፣ ክንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከመሬት ስበት 1,000 እጥፍ ይሰጣል፤ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ምግብ በጎደለው ፈሳሽ ሁለት ጊዜ ይታጠባል። ሙሉ ምግብ የሚያገኘውም ልክ እንደሌሎቹ መታጠብ አለበት፤ አለበለዚያ የማጠቡ ጉዳትና የረሃቡ ውጤት አይለይም። ከዚያ 200 ሚሊ ሊትር በ500 ሚሊ ሊትር ፍላስክ፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ሦስት ፍላስክ፣ መነሻ ንባብ 0.2። ወፍሮ ከተጀመረ አንዱ ህዋስ ሌላውን ስለሚጋርደው የብርሃን እጥረት ይገባበታል።

ነጭ ኤልኢዲ 7,000 ሉክስ ገደማ፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ። የቡራዩ ሌሊት፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በጣም ስለሚበርድ ፍላስኮቹን በፎም ሳጥን ውስጥ ባለ የውሃ ገንዳ አቆማቸዋለሁ፤ ገንዳውን የዓሣ ማርቢያ ማሞቂያ ያሞቀዋል። መብራት ሲጠፋ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ወደ ፍላስኮቹ አየር የሚነፋው ፓምፕ ግን ይቆምና አልጌው ይዘቅጣል፤ ያኔ በእጅ እያዞሩ ማንቀሳቀስ ነው። ሁሉም ፍላስኮች ባንድ መስመር ላይ ከሆኑ መቋረጡ እኩል ይነካቸዋል።

በከፍታ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይዱም ግፊት በዚያው ልክ ስለሚቀንስ የካርቦን ረሃብ ሳይታሰብ ይገባል። የሚያጋልጠው ፒኤች (የፈሳሹ የአሲድነት መለኪያ) ነው፦ ሙሉ ምግብ ያለው ፍላስክ ፒኤቹ ከ10 ካለፈ ካርቦን አጥሮታል። አየሩን እጨምራለሁ፤ ካልበቃ ለሁሉም እኩል በሊትር ግማሽ ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት። ናይትሬት መብላት ራሱ ፒኤችን ስለሚያስነሳ፣ ናይትሮጅን የሌለው ፍላስክ ፒኤቹ ዝቅ ብሎ መቅረቱ ማጠቡ እንደያዘ ይመሰክራል።

ናይትሮጅን ሲጎድል በመጀመሪያው ቀን አንዳንዱ ህዋስ ገና ይከፋፈላል። በሁለተኛው ቀን አረንጓዴው ይገረጣል፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ቢጫ ይሆናል። ክሎሮፊልና አብረውት ያሉት ፕሮቲኖች ናይትሮጅን ስላላቸው ይፈርሳሉ፤ ናይትሮጅን የሌላቸው ቢጫ ቀለሞች ይቀራሉ። ይህን ያለ ኬሚካል ለመለካት የ680ን ንባብ ለ750 ማካፈል በቂ ነው፤ ምጣኔው ከቀን ወደ ቀን ይወርዳል። የ750 ንባብ ብቻውን ግን ያታልላል። ህዋሱ በስታርች ስለሚያብጥ ቁጥሩ ሳይጨምር ንባቡም ደረቅ ክብደቱም ይጨምራሉ። ስለዚህ በኒውባወር መቁጠሪያ (በማይክሮስኮፕ ስር ህዋስ የሚቆጠርበት ካሬ የተሰመረበት ብርጭቆ) የግድ ይቆጠራል፦ የአራቱ ማዕዘን ካሬዎች አማካይ ሲባዛ 10,000፣ በሚሊ ሊትር ያለው ነው። ከ400 ህዋስ በታች አላቆምም፤ 400 ሲቆጠር የአጋጣሚው ስሕተት 5 ከመቶ ገደማ ነው። ህዋሱ በአብዛኛው በጨለማ ስለሚከፋፈል ናሙናው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይወሰድ።

ስታርቹን ማየት እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው። ናሙናውን በሞቀ ኤታኖል አረንጓዴውን አስለቅቃለሁ፤ ሙቀቱ ከሙቅ ውሃ እንጂ ከእሳት አይሁን። ከዚያ 1 ግራም አዮዲንና 2 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ከተበጠበጠው አንድ ጠብታ። በ400 እጥፍ ሲታይ የጠገበው ህዋስ በፓይሬኖይዱ (ስታርች ዙሪያውን በሚከማችበት የህዋሱ ክፍል) ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ብቻ አለው። የተራበው ግን ከዳር እስከ ዳር ወይን ጠጅ ወደ ጥቁር በሚያደላ ፍሬ የታጨቀ ነው። ዘይቱ ከስታርቹ ዘግይቶ ይመጣል።

ፎስፈረስ ሌላ ጠባይ አለው። ህዋሱ በጥጋብ ጊዜ ፎስፌትን ከሚያስፈልገው በላይ እየወሰደ ፖሊፎስፌት አድርጎ ያከማቻል፤ ያንን ደግሞ ማጠብ አያወጣውም። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ፎስፌት በሌለበት ለቀናት አረንጓዴ ሆኖ ይከፋፈላል። ድሩፕ የተባለ ተመራማሪ በ1968 ያስቀመጠው ሐሳብ ይህንን ይገልጸዋል፦ የእድገት ፍጥነት የሚወሰነው በውሃው ውስጥ ባለው ሳይሆን በህዋሱ ውስጥ ባለው መጠን ነው። ውሃውን ብቻ የሚለካ ሰው ያልተራበውን ተራበ ይላል። በበኩሌ ፎስፈረስ በሌለበት ፈሳሽ እያቀጠንኩ፣ እድገቱ እስኪቆም ካሳደግኩ በኋላ ነው ሙከራውን የምጀምረው። እውነተኛው ረሃብ ሲመጣ ህዋሱ አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለ ኢንዛይም ወደ ገጹ ያወጣል፤ ፓራ-ናይትሮፌኒል ፎስፌት ሲጨመርበት ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል፣ በ405 ናኖሜትር ይነበባል።

ናይትሮጅን የሌለው ፍላስክ ቆይቶ መልሶ ቢያረነጉድ አልጌው አገገመ ብላችሁ አትመዝግቡ። አናቤናን የመሰሉ ሰማያዊ አረንጓዴ ክሮች ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚወስዱ እንዲህ ያለ ፍላስክ ለእነሱ ባዶ ቤት ነው። በማይክሮስኮፕ እንደ ጨሌ የተሰካካ ክርና በመካከሉ ገርጣ ያለ ተለቅ ያለ ህዋስ ከታየ ፍላስኩ ይጣላል።

ለተራበው ናይትሬት ሲመለስለት መጀመሪያ የሚቀንሰው ስታርቹ ነው፤ የ680 ምጣኔ ተከትሎ ይነሳል። ቁጥሩ ግን አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ባለበት ይቆያል፤ ህዋሱ የፈረሰውን ሳይጠግን አይከፋፈልም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የምወስደውን ናሙና ለአዮዲንና ለ680 ንባብ አውላለሁ፤ መቁጠሩን በማግስቱ እጀምራለሁ።