እግሯን ያነሳችው ፍየል

ሐዋሳ ላይ ነው፣ የምርምር ፕሮፖዛል በሚገመግም ኮሚቴ። ወጣቱ አመልካች ጠላቂዎች ከጥልቀት ፈጥነው ሲወጡ፣ ሰውነታቸው ውስጥ የገባው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ የሚያመጣባቸውን የግፊት ሕመም በፍየል ሊያጠና አስቧል። ፍየሎቹ ገብተው ግፊት የሚጨመርባቸው ታንክ ያለው ውጭ አገር ነው፤ እዚህ የሚዘጋጀው የምልክት መመዝገቢያ ቅጹ ብቻ።

ሰብሳቢው የበጀቱን ገጽ ገልጠው፣ «አይጥ እያለ ፍየል ለምን?» አሉ።

ልጁ በደንብ መለሰ። ሦስት መቶ ግራም የማትሞላ አይጥ ደሟ ፈጥኖ ስለሚዞር ናይትሮጅኑ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎም ይወጣል። መድኃኒት ለመሞከር ትሆናለች፤ ሰው ከጥልቀት የሚወጣበትን ሰሌዳ ለማውጣት ግን አትበቃም። ብሪታንያውያኑ ተመራማሪዎች ሃልዴን፣ ቦይኮትና ዳማንት እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተሙትን ሥራ በፍየል የሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ ሕመም እንደማያመጣ አይተው፣ ደረጃ በደረጃ መውጣትን አበጁ።

ቅጹ ላይ ተደረሰ። የታመመች ፍየል የፊት እግሯን አንስታ ትቆማለች፤ ስለዚህ «አነሳች» ወይም «አላነሳችም» ይሞላል። የናሙና ቪዲዮው ሲታይ የእንስሳት ቤቱ አንጋፋ ቴክኒሺያን ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ይቺ እኮ ታንክ ሳትገባም ታነሳለች። ሰኮናዋን አይታችኋል?»

«ጋሼ፣ እሱ የሕክምና ዝርዝር ነው፤ ወደ ሳይንሱ እንመለስ» አሉ ሰብሳቢው።

ሳይንሱ እኮ እሱ ነበር! ሰኮናው ያለቅጥ ያደገ ወይም ጣቶቹ መሃል የቆሰለ ፍየልም እግሩን ያነሳል፤ ቅጹ ላይ ሁለቱ አይለዩም። ስለዚህ ሰኮና ቀድሞ ይከረከማል፣ የምታነክሰዋ ከጥናቱ ትወጣለች፣ የቀሩት ታንክ ከመግባታቸው በፊት ጠንካራ ወለል ላይ ሲራመዱ ይቀረጻሉ። ቅጹን የሚሞላውም ሰው የትኛዋ ስንት ግፊት እንደገባች ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ የጠበቀውን ያያል። በዶፕለር፣ ማለትም የደምን እንቅስቃሴ በድምፅ ሞገድ በሚያሰማ መሣሪያ፣ አረፋ ማዳመጥ ይህን አይተካም፤ አረፋ የተሰማባት ሁሉ አትታመምምና።

ቃለ ጉባኤው ሲመጣ «ሰብሳቢው የፍየሎቹ ሰኮና አስቀድሞ እንዲመረመር አሳስበዋል» ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«ጥሩ አሳስበዋል» አሉና ፈረሙ።