የኦክስጅን ሲሊንደሩ ለምን በተረኞች ርክክብ ሰዓት ያልቃል?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተገኘ በኋላ በየሆስፒታሉ መመሪያ እንደ ጉድ ጎረፈ። በለይቶ ማከሚያ ክፍል ነርሶችን ሳስተባብር ግን ሥራውን ያቃኑት ሐሳቦች በአብዛኛው ከሌሊት ተረኞች፣ ከጽዳት ሠራተኞችና ሲሊንደር ከሚያንከባልሉት ፖርተሮች የመጡ ናቸው።

ቀይ ዞን፣ ማለትም ሕመምተኞቹ የተኙበት ክፍል ውስጥ፣ አንድ ደብተር ሰቀልን። የሚጻፈው ምን እንደተጓደለ፣ በስንት ሰዓትና ስንት ጊዜ ብቻ ነው። «ማን አጠፋ» የሚል ዓምድ ቢኖረው ማንም አይጽፍበትም ነበር። ደብተሩ ወደ ውጭ ስለማይወጣ ተረኛዋ ገጹን መስታወቱ ላይ ትይዛለች፤ እኔ ከውጭ በስልክ ፎቶ አነሳለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ለ10 ደቂቃ ቆመን እናነበዋለን። መጀመሪያ የምንሰበሰበው ነርሶች ብቻ ስለነበርን ምንም አልተለወጠም። ከመጋዘን ዕቃ ለማስወጣት የሚፈርም ሰው አብሮ ካልቆመ ንባቡ ምሬት ሆኖ ይቀራል።

«ኦክስጅን አለቀ» የሚለው ሁልጊዜ 2 ሰዓት አካባቢ ይመዘገብ ነበር። አስልተን አየነው። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ ወደ 6,000 ሊትር ጋዝ አለው። የመጨረሻውን 10 ባር ለመጠባበቂያ ብንተው 5,600 ይቀራል። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ሰው ይህ 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ማታ 4 ተኩል የተገጠመው እንግዲህ የሚያልቀው ጠዋት 1 ሰዓት ከ50 ላይ ነው፤ ወጪው ተረኛ ጋውን እያወለቀ፣ ገቢው እየለበሰ።

ስለዚህ ሲሊንደሩ ላይ በፕላስተር የሚያልቅበትን ሰዓት መጻፍ ጀመርን፤ የተገጠመበት ሰዓት ለማንም አይረባም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሲሊንደሩ ግፊት ማሳያ (ጌጅ) ሁሉ ይነበባል፤ ከ50 ባር በታች ያለው ያኔውኑ ይቀየራል። በደቂቃ 15 ሊትር ለሚወስድ 50 ስለማይበቃ ወሰኑን 80 አድርገነዋል። ዘዴው የሚከሽፈው ሐኪሙ ፍሰቱን ጨምሮ ፕላስተሩ ሳይታረም ሲቀር ነው። ፍሰት የነካ ሰው ፕላስተሩንም ይቀይራል።

በረኪናው ላይ ያስተማሩን የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ግድግዳው ላይ «5 በመቶ በረኪና 1 እጅ፣ ውሃ 9 እጅ» ተለጥፏል፤ መለኪያ ግን የለም። እነሱ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሙሉ በረኪና ጀሪካን ውስጥ ገልብጠው 20 ሊትሩ ምልክት ድረስ ውሃ ይሞላሉ፤ 0.5 በመቶ ይሆናል። ሃይላንዱ በቀለም ተቀብቶ ከጀሪካኑ ጋር ይታሰራል፤ አለበለዚያ ሰው ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ውህዱ በየቀኑ ይታደሳል፣ ፀሐይ ላይም አይቀመጥም። ደምና ትውከት ቀድሞ ካልተጠረገ ክሎሪኑን ያደክመዋል።

ዕቅዱ ጨርሶ የረሳው አስታማሚን ነው። በእኛ ሆስፒታል የሚያጎርሰው፣ የሚያጥበው፣ መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጠው እሱ ነው። በሩ ሲዘጋ ያ ሁሉ ነርሷ ላይ ወደቀ፤ የተረኛ ድልድሉ ግን መርፌና ሙቀት ልኬት ብቻ ይቆጥር ነበር። በየተራው ለምግብና ለንጽሕና አንድ ሰው ጨመርን፤ ከየቤተሰቡም የአንድ ሰው ስልክ ብቻ መዘገብን። የገባ ሳህን ስለማይመለስ ምግብ በሚጣል ዕቃ እንዲመጣ ለዘመድ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ከኦክስጅን ቀጥሎ ደብተሩ ላይ የበዛው ቃል ደግሞ «ቻርጀር» ነበር፤ በየክፍሉ አንድ ማከፋፈያ ገመድ ሲገባ የደወሉ ጥሪ ቀለል አለ።