የጓሮዬ ልብስ ማስጫ፦ ገመዱን ማርገብ እስክማር ድረስ

በጓሮዬ የልብስ ማስጫ ለመትከል ከጀመርኩ 7 ወር ሆኖኛል። በእነዚህ ወራት አንዱን ተክዬ ነቅያለሁ፤ ሁለተኛው ከ5 ወር በላይ ሳይነቃነቅ እያገለገለኝ ይገኛል። ይህን የምጽፈው በገዛ እጃቸው ለመሥራት ላሰቡ ሰዎች ነው። ስለ ጉድጓዱም ስለ ሽቦውም የምለው ቢኖረኝም፣ ከሁሉ አስቀድሜ ማካፈል የምፈልገው በመጀመሪያው ሙከራዬ ጊዜ ያልገባኝን ነገር፣ ማለትም የገመዱን መወጠርና መርገብ ነው።

የመጀመሪያው ማስጫ አሠራር ቀላል ነበር። በአንድ በኩል በቤቱ ግድግዳ ላይ ባለቀለበት ብሎን አስገባሁ፤ በሌላው በኩል፣ በ8 ሜትር ርቀት ላይ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሬ የእንጨት ቋሚ አቆምኩና ዙሪያውን በአፈርና በድንጋይ ጠቀጠቅሁት። ከዚያም የናይለን ገመድ በሁለቱ መካከል ዘርግቼ፣ ቀጥ ብሎ በጣት ሲነካ እስኪነዝር ድረስ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ወጠርኩት።

ገመዱ ባዶውን ሳለ ያማረ ነበር። የመጀመሪያውን እጥበት ስሰጣበት ግን መሃሉ ወዲያው ወደ መሬት ወረደ። ልብሱን ካነሣሁ በኋላ ቋጠሮውን ፈትቼ ይበልጥ ሳብኩት፤ በሚቀጥለው እጥበትም ወረደ፤ እኔም ደግሜ ወጠርኩት። በሦስተኛው ሳምንት ቋሚው ወደ ግድግዳው አጎንብሶ፣ ከጀርባው በኩል በእንጨቱና በአፈሩ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሮ አገኘሁት፤ የአንሶላው ጫፍም አፈር ነክቶ ነበር። ለጥቂት ቀናት ጥፋቱን በአፈሩ አሳበብኩ። አፈሩ በእርግጥ ልል ነበር፤ ዋናው ምክንያት ግን እርሱ አልነበረም።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ክብደቱን መዘንኩ። ገመዱን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ፣ በእጅ የተጨመቀ አንድ እጥበት 10 ኪሎ ግራም ያህል መጣ፤ ያንኑ ልብስ ደርቆ ስመዝነው ግን 4.5 ኪሎ ግራም ብቻ ስለነበር፣ ገመዱ ከተሸከመው ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ እንደሆነ ተረዳሁ። ያም ሆኖ 10 ኪሎ ግራም ሰው በአንድ እጁ የሚያነሣው ሸክም ነውና፣ ቋሚን ያህል ነገር እንዴት ሊያጎብጥ ይችላል የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም።

መልሱ የሚገኘው ከክብደቱ ይልቅ በገመዱ አቅጣጫ ላይ ነው። ገመድ መሳብ የሚችለው በራሱ ርዝመት አቅጣጫ ብቻ ሲሆን፣ ልብሱ ግን ወደ ታች ይጎትታል። ገመዱ ፍጹም አግድም ከሆነ ወደ ላይ የሚያነሣበት አቅም አይኖረውም፤ ሲረግብ ብቻ ነው ጫፎቹ ወደ ቋሚዎቹ አናት ሽቅብ የሚያዘነብሉትና ሸክሙን ማንሣት የሚጀምሩት። ስለዚህ ርግበቱ ባነሰ ቁጥር፣ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ገመዱ ቋሚዎቹን ወደ ጎን የሚስብበት ኃይል እየበዛ ይሄዳል። ልብሱ በእኩል ተዘርግቶ ከተሰጣ ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ጠቅላላውን ክብደት በቋሚዎቹ መካከል ባለው ርቀት አባዝቶ ውጤቱን ለርግበቱ 8 እጥፍ ማካፈል ነው። በእኔ 8 ሜትር ርቀትና 10 ኪሎ ግራም እጥበት፣ መሃሉ 30 ሳንቲ ሜትር ሲረግብ ገመዱ እያንዳንዱን ቋሚ በ33 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ይስባል፤ ርግበቱ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 50፣ 10 ሲሆን 100፣ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሁን ብዬ ብፈልግ ደግሞ 200 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህ ኃይል የሚያርፈው ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ብሎ በቋሚው አናት ላይ ስለሆነ፣ ቋሚው እንደ ረጅም መፈንቀያ ሆኖ የራሱን ሥር ይነቅላል። ገመዱን ባጠበቅሁ ቁጥር ቋሚዬን በገዛ እጄ እየጣልኩት ነበር ማለት ነው።

የርዝመቱም ነገር እንዲሁ አስገርሞኛል። በ8 ሜትር ርቀት መካከል 30 ሳንቲ ሜትር የሚረግብ ገመድ ፍጹም ቀጥ ካለው ገመድ የሚረዝመው በ3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ናይለን ደግሞ በባሕርዩ የሚለጠጥ፣ ሲርስ ይብሱን የሚለጠጥ ገመድ በመሆኑ 3 ሳንቲ ሜትር ለእርሱ ከምንም አይቆጠርም። ገመዱ ጨርሶ ባይለጠጥ እንኳ የአንዱ ቋሚ አናት 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ቢያጎነብስ መሃሉ ያንኑ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ይህን ካሰላሁ በኋላ ገመዱን ቀጥ የማድረግ ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ ተውኩ፤ በምትኩ በ30 ሳንቲ ሜትር ርግበት የሚሠራ፣ ለዚያም የሚበቃ ቁመት ያለው ማስጫ ለመሥራት ወሰንኩ።

ሁለተኛውን ስጀምር ግድግዳውን ተውኩትና ሁለት የብረት ቋሚዎች አዘጋጀሁ። እያንዳንዳቸው 2.70 ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ ስፋታቸው 60 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረታቸው 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ቱቦዎች ሲሆኑ፣ በአናታቸው ላይ 60 ሳንቲ ሜትር አግዳሚ ብረት አስበይጄ በአግዳሚው ሁለት ጫፎች አንዳንድ ገመድ እንዲታሰር አደረግሁ። የቱቦዎቹን አፍ ዝናብ እንዳይገባባቸው አስደፍኛለሁ፤ ጸረ ዝገት ቀለምም ሁለት ጊዜ ቀብቻቸዋለሁ።

ከመቆፈሬ በፊት የውሃ ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ በዚያ በኩል እንደማያልፍ አረጋገጥኩ፤ ይህን ማንም ሰው ሊዘለው አይገባም። ጉድጓዶቹ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበራቸው። ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር አነጠፍኩ፤ ውሃ ከቋሚው ሥር እንዳይተኛ ይረዳል። ቀሪው 70 ሳንቲ ሜትር የቋሚውን ጠቅላላ ርዝመት ሩብ ያህል ስለሚሆን በቂ መያዣ ነው። ኮንክሪቱን 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋና 4 እጅ ጠጠር ቀላቅዬ፣ ውሃውን ቆጥቤ ሞላሁት። የላዩን ገጽ ከቱቦው ዙሪያ ከፍ አድርጌ ወደ ውጭ ተዳፋት ያደረግሁት ዝገት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ውሃ በሚቋጥርበት በዚያ ቦታ ስለሆነ ነው።

በዚህ ደረጃ የወሰድኩት እርምጃ ለአንዳንዶች እንግዳ ሊመስል ይችላል። ቱንቢ ይዤ ቋሚዎቹን ፍጹም ቀጥ አድርጌ ካቆምኩ በኋላ፣ የእያንዳንዳቸውን አናት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል እርስ በርሳቸው ወደሚራራቁበት አቅጣጫ አዘነበልኩት። ብረት ከሸክም በታች ጥቂት መጉበጡ አይቀርም፤ ሁለቱም ገመዶች ሲሞሉ ቋሚዎቹ ወደ ውስጥ ስለሚመጡ፣ ይህ ትንሽ ዘንበልታ ሲሠሩ ቀጥ ብለው እንዲታዩ ያደርጋቸዋል። ኮንክሪቱን ለሰባት ቀን ውሃ እያጠጣሁ፣ በአሥረኛው ቀን ሽቦውን ዘረጋሁ፤ ብርድ ልብስን የመሰለ ከባድ ነገር ግን 28 ቀን እስኪሞላ ድረስ አልሰቀልኩበትም። መጠበቁ ከባድ ነበር፤ ሆኖም የመጀመሪያው ቋሚ ያጎነበሰው በችኮላዬ ጭምር ስለነበር በዚህኛው መቸኮል አልፈለግሁም።

ለገመዱ የመረጥኩት ፕላስቲክ የለበሰ፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የተገመደ የብረት ሽቦ ነው። የጥጥ ገመድ ለእጅና ለልብስ ይመቻል፤ ነገር ግን ውሃ ይጠጣል፣ ይሻግታል፣ ውሎ አድሮም ይበሰብሳል። ርካሹ የፖሊፕሮፒሊን ገመድ ደግሞ ፀሐይ እያደረቀችው ይሰባበራል። የተገመደው ሽቦ የመለጠጥ ችግሩን ያስወገደልኝ ሲሆን፣ የራሱ ጉድለት ግን አለው፤ ልባሱ ከተሰነጠቀ ውሃ ገብቶ ውስጡ ይዝጋል፣ ዝገቱም በነጭ ልብስ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በየወሩ በእርጥብ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር እየጠረግሁ ስንጥቅ እንዳለው በጣቴ እዳስሳለሁ። የሽቦውን ጫፍ አጥፎ በሚይዘው መቆንጠጫ ላይም አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የመቆንጠጫው ጠፍጣፋ ማረፊያ ሸክም በሚሸከመው ሽቦ በኩል፣ ቆልማማው ብሎን ደግሞ ታጥፎ በተመለሰው ጫፍ በኩል መሆን አለበት፤ ተገላብጦ ከታሰረ ቆልማማው ብሎን ሸክም የያዘውን ሽቦ ይጎዳዋል። በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት አስሬያለሁ።

ቦታውን ስመርጥ ያየሁት ፀሐይን ብቻ አልነበረም። ሁለት ተመሳሳይ እርጥብ ፎጣዎች፣ አንዱን ፀሐይ በሚመታው ግን ነፋስ በማይደርስበት ጥግ፣ ሌላውን ጥላ ባለበት ግን ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ሰቅዬ ብመለከት፣ ነፋሻ በሆነ ቀን የደረቁበት ጊዜ ሊለይ የማይችል ያህል ተቀራረበ። ከጨርቁ የወጣውን እርጥብ አየር ጠርጎ የሚወስደው ነፋሱ ስለሆነ፣ ማስጫውን ግማሽ ቀን ፀሐይ በሚያገኝ ግን ገላጣ በሆነ ስፍራ አደረግሁት። ሰው ከሚመላለስበት መንገድ አርቄዋለሁ፤ በምሽት የማይታይ ሽቦ በአንገት ቁመት ላይ ተዘርግቶ መተው አደገኛ ነው፤ ሲረግብ ደግሞ ወደዚያው ቁመት ይወርዳል።

ከተተከለ በኋላ የተማርኩት በአብዛኛው ስለ አሰጣጥ ነው። አንድ ቦታ ላይ መሃል የተከመረ ክብደት በእኩል ከተዘረጋው ያንኑ ያህል ክብደት በሁለት እጥፍ ስለሚስብ፣ ብርድ ልብስና ከባድ ሱሪ ወደ ቋሚዎቹ ጠጋ ብለው፣ ቀላሉ ልብስ ወደ መሃል እንዲሰጣ አደርጋለሁ። ሸክሙ ሲበዛ መሃሉን በባላ እደግፈዋለሁ። ባላው ርቀቱን ለሁለት ስለሚከፍል፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ያለው ርግበት የቀድሞውን ያህል እንዲሆን ሽቦውን ብናላላው፣ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ተራ እንጨት ይህን ያህል ማገዙን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ የመጀመሪያው ቋሚዬ ምናልባት አይነቀልም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሙሉ እጥበት ተሰጥቶበት ለክቼው ነበር። የሁለቱም ሽቦዎች ርግበት ሲሞሉ 31 ሳንቲ ሜትር ነው። ለሁለት የታጠፈ ትልቅ አንሶላ 1.20 ሜትር ወርዶ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በቋሚዎቹና በኮንክሪቱ መካከል ክፍተት የለም። የሚቀረኝ ሥራ ከአንዱ ቋሚ ሥር የተላጠውን ቀለም ፍቆ እንደገና መቀባት ሲሆን፣ እርሱን ከዝናቡ በፊት ለመጨረስ አስቤያለሁ።