ወደ ባራባሺ መንደር በሌሊት ባቡር

ቡዳፔስት ኬለቲ ጣቢያ ስደርስ የመኝታ ትኬት አልቆ ነበርና ሌሊቱን በወንበር ላይ አሳለፍኩት። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ከወንበሬ ጥግ ሰቀሉ። ማሞቂያው ወይ ያቃጥላል ወይ ጭራሽ ይጠፋል። የሮማኒያዋን ከተማ ክሉዥን መቼ እንዳለፍን አላውቅም። ሲነጋ ግን የጥድ ደኑ፣ ጉም የተኛበት ሜዳና የተጠረቡት ትልልቅ የእንጨት የግቢ በሮች ንዴቴን አበረዱልኝ።

ለጥዱ ብዬ አልመጣሁም። ቡዳፔስት የምማረው የመረጃ ትንተና ሲሆን፣ መምህሮቻችን ጠርተው የማይጠግቡት ስም የትስስር መረቦች (ኔትወርክ) ተመራማሪው አልበርት ላስሎ ባራባሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የተወለደው እዚህ፣ ሮማኒያ ውስጥ ሃንጋሪኛ በሚነገርበት በቺክ ሸለቆ፣ ካርትስፋልቫ በምትባል መንደር ነው። ቡካሬስት ፊዚክስ ተማረ፤ በ1989 ከአባቱ ጋር ወደ ሃንጋሪ ተሰደደ፤ በ1994 ቦስተን ላይ ዶክትሬቱን ያዘ። አገሩን ለማየት የወጣሁት በአድናቆት ብቻ አይደለም፤ ከሰውዬው ጋር በልቤ የምሟገትበት ጉዳይም አለኝ።

የሸለቆው ከተማ ቺክሴሬዳ ስወርድ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጣቢያው በር ላይ የቆመው ባለታክሲ እስከ መንደሯ 150 ሌይ (የሮማኒያ ገንዘብ) አለኝ። ተከራከርኩት፤ በሃንጋሪኛዬ ከልቡ ስቆ 130 አደረገልኝ። ለሃያ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ! እስክንደርስ አኩርፌ ተቀመጥኩ፤ እሱ ግን ያፏጫል።

ያረፍኩባቸው እናት ለመልእክቴ ቀናት ሙሉ ዝም ብለው፣ በጉዞዬ ዋዜማ መልእክት በመልእክት ላይ አዝንበውብኝ ነበር፦ ስንት ትራስ እፈልጋለሁ፣ ሥጋ እበላለሁ ወይ፣ ውሻ እፈራለሁ ወይ። ባራባሺ ቢሰማ አይገርመውም። ሰው ሥራውን የሚሠራው አስቸኳዩን እያስቀደመ፣ ሌላውን እያሳደረ ስለሆነ፣ ረጅም ዝምታና ድንገተኛ ግርግር ይፈራረቃሉ ብሎ በ2005 ጽፏል። በዚያው ዓመት ከዦአዎ ኦሊቬይራ ጋር የዳርዊንንና የአይንስታይንን ደብዳቤዎች መርምረው ያንኑ አገኙ። አይንስታይን የላከው ብቻ ከ14,500 ይበልጣል፤ አብዛኛው መልስ ቶሎ ሲሄድ ጥቂቱ ለዓመታት ያድር ነበር።

እናቲቱን ግን ወዲያው ይቅር አልኳቸው። ጓሮ ወጥተው ቀጭን የሊጥ ጥብጣብ በወፍራም እንጨት ላይ ጠመጠሙ፤ ስኳር ላይ አንከባለሉትና ፍም ላይ ቀስ እያሉ አዟዟሩት። ስኳሩ ቀልጦ ቡናማ ቅርፊት ሲሆን እንጨቱን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ደቅ አደረጉት፤ ቂጣው ተንሸራቶ ወጣ፣ ባዶ ሆዱ እየጨሰ። ከአካባቢው ምንጭ በተቀዳ፣ ጋዝ ባለው ውኃ አወራረድኩት። ብረት ብረት ይላል፤ እኔ አምቦ ውኃዬን አልለውጥም።

አሁን ወደ ሙግቴ። የ1999ኙን ሥራውን እወደዋለሁ። ከተማሪው ከሬካ አልበርት ጋር ሆነው፣ በድረ ገጾች ትስስርም ሆነ በሌሎች መረቦች፣ ብዙኃኑ ጥቂት ግንኙነት ሲኖራቸው ጥቂቶች እጅግ ብዙውን እንደሚሰበስቡ አሳዩ፤ አዲስ መጪው የሚጠጋው አስቀድሞ ብዙ ወዳጅ ወዳለው ነውና። ከጎንደር ጅማ ለመብረር ቦሌ ላይ ሻንጣውን የጎተተ ሰው ይህን ለመረዳት ቀመር አያስፈልገውም።

የሚጎረብጠኝ የኋላኛው ነው። በ2008 ከማርታ ጎንዛሌዝና ከሴዛር ኢዳልጎ ጋር የ100,000 የሞባይል ተጠቃሚዎችን እንቅስቃሴ፣ ስማቸው ተሰርዞ፣ የስድስት ወሩን መርምረው ሰው ወደ ጥቂት ቦታዎች እየተመላለሰ እንደሚኖር አሳዩ። በ2010 ደግሞ ቻኦሚንግ ሶንግና እሱ ያሉበት ቡድን፣ እንቅስቃሴያችን እስከ 93 በመቶ ሊተነበይ እንደሚችል አሰላ፤ ሩቅ የሚጓዘውም ከሰፈሩ የማይርቀውም ያው። እርግጥ 93 ጣሪያው ነው፤ ነገ የት እንደምውል የሚነግረኝ ሰው ተገኘ ማለት አይደለም። ሆኖም የእነዚያ ስልኮች ባለቤቶች በምርምር እንደሚታዩ ያውቁ ነበር? ስም መሰረዝ ብቻ ሰውን አይሰውርም፤ ማደሪያውንና መዋያውን ካየሁ ማንነቱን ለማወቅ ብዙ አልቸገርም። በዚያ ላይ የስድስት ወር የስልክ መዝገብ የሠፈርን ምልልስ ይይዛል እንጂ ከዚህ ሸለቆ ተነስቶ ቦስተን የሚደርስን ልጅ ከየት ያገኘዋል? የቀሪው ሰባት በመቶ ጠበቃ ነኝ።

በማግስቱ ቺክሴሬዳ ተመልሼ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የሚኮ ግንብ አየሁ። ውስጡ ያለውን ሙዚየም በአንድ ወቅት የመሩት የባራባሺ አባት ናቸው። ግድግዳው ወፍራም፣ ክፍሎቹ ቀዝቃዛ፤ ቶሎ ወጣሁ።

ወደ ከተማ የመለሰኝን መኪና ያገኙልኝ እናቲቱ ናቸው። 130 ሌይ መክፈሌን ሲሰሙ ማማተብ ጀመሩ፤ ለእህታቸው ልጅ ደወሉ፣ እሱ ለጎረቤቱ ደወለ። ጎረቤትየው ትራክተሩን አቁሞ በአሮጌ ዳሲያ መጣና 40 ሌይ ተቀበለኝ፤ እናቲቱ ያንንም በዛ ብለው በመስኮት ሲጨቃጨቁት ነበር የተንቀሳቀስነው።